የአያ ስማቸው ላም እና ሦስተኛው አንቀጽ

ሰኞ፣ ጥቅምት 13

ዓይኔ ከአፌ ቀድሞ ሮጠ። ጥፋቱ የሱ ነው።

ዛሬ ከሾላው ሥር ስብሰባ ነበር። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ጓድ ደሴ ከወረዳ የመጣ መመሪያ ከኪሱ አወጣና ጓድ ትርንጎ ታንብብልን አለ። ጸሐፊያችንን ወባ ጥሎታል። ከፍርድ ሸንጎው ሦስት ዳኞች ደግሞ ፊደል የምለየው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱም የመሠረተ ትምህርት ፊደል፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው። አስተማሪያችን በየቀኑ ካልጻፋችሁ ፊደሉ በርሮ ይጠፋል ስላለን ነው ይኸን ደብተር የያዝሁት። በሰው ፊት ማንበብ ግን ሌላ ነው። ቆሜ አነበብሁ።

አንደኛው አንቀጽ ስለ አራጣ ነው። ገንዘብ አበድሮ ከልክ በላይ ወለድ መቀበል ክልክል ነው ይላል። ሁለተኛው በዱቤ እየሸጠ ዋጋ ስለሚቆልል ነጋዴ ነው። ሁለቱን ጨርሼ ትንፋሽ ስወስድ ጓድ ደሴ ይበቃል፣ የቀረው የከተማ ሰዎች ጉዳይ ነው ብሎ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደና አጥፎ ኪሱ ከተተው።

እኔ ግን ሦስተኛውን አንብቤው ነበር። ትንፋሽ በምወስድበት ጊዜ ዓይኔ ብቻውን ወርዶ አነበበው፤ ያውም ሁለት ጊዜ። እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም። ስማር እያንዳንዱን ፊደል በጣቴ እየነካሁ፣ በአፌ እየጠራሁ ነበር። ዛሬ ያለ ድምፅ አነበብሁ። መቶ ሰው ፊት ቆሜ ማንም ሳይሰማኝ አንድ ነገር አወቅሁ። እንዲህ ያለ ኃይል እንደኔ ላለች መሰጠቱ እስካሁን ይገርመኛል።

ሦስተኛው አንቀጽ የሚለው ይኸ ነው፦ ማንም ሰው ላበደረው ገንዘብ ከብት ወይም ሌላ ንብረት በመያዣ ይዞ ፍሬውን በወለድ ፈንታ ሊበላ አይችልም። እስካሁን የበላው ካበደረው ገንዘብ ላይ ይታሰባል። የበላው ካበደረው ከበለጠ ዕዳው አልቋል፤ መያዣው ለባለቤቱ ይመለሳል።

ቤት ስገባ ላሚቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። አለብኋት። ላሚቱ የአያ ስማቸው ናት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ብዋሽ ወዴት እደርሳለሁ? ልጻፈው።

ባሌ የሞተ ዓመት በሬውንና በቅሎውን ሸጬ መቶ ሃምሳ ብር በቋጠሮ ነበረኝ። በዚያው ክረምት የጎረቤታችን የአያ ስማቸው ሚስት እመት አንጓች ታመው ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት መሄድ ግድ ሆነባቸው። አያ ስማቸው መጡና ቋጠሮውን ሰጠኋቸው። በማግሥቱ ላሚቱን እየሳቡ መጥተው በረቴ ውስጥ አስገቡልኝ። ወተቱ ያንቺ ነው፣ ገንዘብሽን ስመልስ ላሜን ከነጥጃዋ ትመልሻለሽ አሉ። ወረቀት የለም፣ መሐላ የለም፤ ቃል ብቻ። በፎገራ ሜዳ ሁሉ እንደዚሁ ነው፤ አያቶቻችንም እንደዚሁ ኖረዋል።

ሦስት ዓመት ሆነ። አያ ስማቸው ገንዘቡን ማግኘት አልቻሉም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ለምን እጠይቃለሁ? ላሚቱ የሜዳችን ላም ናት፤ ሰፊ፣ ረጋ ያለች፣ ወተቷ ቢታለብ ቢታለብ የማያልቅ። በየቅዳሜው ቅቤ ወረታ እወስዳለሁ። ልጆቼ የለበሱት፣ ትልቋ ልጄ ይታይሽ ትምህርት ቤት የገባችው፣ ይኸ ደብተርና ይኸ እርሳስ ሳይቀር ከሷ ነው።

ቁጥርም አስተምረውኛልና ቆጠርሁ። የሸጥሁትን ቅቤ ብቻ፤ ልጆቼ የጠጡትን ሳልጨምር። መቶ ሃምሳውን አለፈ። ገና የሁለተኛውን ዓመት ሳልጀምር አለፈ። እርሳሱን አስቀመጥሁ።

ላሚቱን ብመልስ የማጣው፦ ወተቱን። ቅቤውን። የቅዳሜን ብር። ኩበቱን። መቶ ሃምሳውን ብር።

ባልመልስ የማጣው፦ እዚህ ላይ የምጽፈው ጠፋኝ።

ከሰዓት በኋላ ጓድ ደሴ እኛን ዳኞቹን ሰብስቦ የዓርቡን ክስ ነገረን። ተከሳሹ የወረታው ባለሱቅ ሰይድ ነው። ለአንድ የማኅበራችን ገበሬ ጨውና አቡጀዲ በዱቤ ሰጥቶ ጊደር ይዞበታል። ጊደሯ ትመለስ፣ ሰይድም ለሌላው ነጋዴ መቀጣጫ እንዲሆን ይታሰር አለን። የሸንጎው ሰብሳቢ አያ ቸኮል ጢማቸውን አሻሹ።  የሰይድ ጥፋት ምን ይሁን ብዬ ሳስበው ያው ሦስተኛው አንቀጽ ነው፤ ያልተነበበው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 15

ላምባ አልቆብን ወረታ ሄድሁ። ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ እችል ነበር። እግሬ ግን ወደ ሰይድ ወሰደኝ።

ሱቁ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚለያዩበት ጥግ ላይ ነው፤ ከአባቱ የወረሰው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅቤዬን የሚገዛኝ እሱ ነው። ከዚያ በፊት የዚያችኑ ላም ቅቤ ከእመት አንጓች ነበር የሚገዛው። ቅቤው ያው፣ ሻጯ ሌላ። ይኸን እያወቀ አንድ ቀን እንኳ አንሥቶብኝ አያውቅም። ዛሬም አላነሣም። ቢያነሣ ይሻለኝ ነበር፤ ተቆጥቼ እወጣ ነበር።

ላምባውን እየቀዳ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ጊደሯን ትናንት መልሻታለሁ እታለም። ሕግ ነው ካሉ ሕግ ነው። ለእኔ ብቻ የወጣ እንደሆን ግን ንገሪኝ፤ ያነበብሽው አንቺ ነሽ።»

ለሁሉም ነው አልሁት። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። አመሰገነኝና መልሴን ቆጥሮ ሰጠኝ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀኝ። ጠርሙሱን ይዤ እስከ ቤቴ ድረስ ፊቴ ሲግል ነበር።

ዓርብ በዚህ ሰው ላይ ልፈርድ ነው እንግዲህ። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 16

የከብት ክትባት ነበር። ሐኪሞቹ በኪዳነ ምሕረት ቀን መጡ ተብሎ ሴቱ ሲያጉረመርም ዋለ፤ ማን ይሰማል። ከብቱ ሁሉ ተነድቶ በአጣና አጥር መሐል በሰልፍ ገባ። እኔ የሴቶች ማኅበር ተጠሪ ስለሆንሁ ከበሩ አጠገብ ቆሜ የገባውን መጻፍ ነበረብኝ።

በእኛ አገር ክረምት ሲገባ ውኃው ሜዳውን ይሸፍነዋል። ያን ጊዜ የሁሉም ሰው ከብት ጉብታው ላይ ይደባለቃል። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ቤት ጥጃውን ገና በልጅነቱ ጆሮው ላይ ምልክት የሚያደርግበት። አንዱ ጫፉን ይቆርጣል፣ አንዱ ከታች ይሰነጥቃል፣ አንዱ ይበሳል፣ አንዱ ግራውን ትቶ ቀኙን ብቻ። ከልጅነቴ ጀምሮ ውኃው ሲጎድል ከብት የምለይ እኔ ነበርሁ፤ አባቴ ከወንድሞቼ ይልቅ በኔ ዓይን ያምን ነበር። ዛሬ እርሳስ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ነው የገባኝ። ፊደል ሳልቆጥር በፊት አነብ ኖሯል! ከብቱ አንድ በአንድ ሲያልፍ ጆሮው ሁሉ የማን ልጅ እንደሆነ ይነግረኛል። ቆሜ ቀረሁ፤ ሐኪሙ ጻፊ እንጂ እያለ ተቆጣኝ።

ከዚያ የጓድ ደሴ ከብት ገባ።

የሱ ቤት ምልክት ጫፍ መቁረጥ ነው። ጫፉ የተቆረጠ አምስት አለፈ። ቀጥሎ የተሰነጠቀ መጣ። ቀጥሎ የተበሳ። ከዚያ ሁለት፣ ቀኛቸው ብቻ የተሰነጠቀ። ከዚያ ደግሞ ባሏ ዘመቻ ሄዶ የቀረባት የብርቄ ምልክት፤ ሁለቱም ጆሮ ከሥር ጎረድ ያለ፣ ሌላ ማንም የማያደርገው። የብርቄ ላም ከነጥጃዋ። የአራት ቤት ከብት በሱ በረት ያድራል። ወረቀቱን ለምን እንዳጠፈው ያን ጊዜ ገባኝ።

በመጨረሻ የኔ ገባች። የኔ ልበል እንጂ፤ ጆሮዋ የአያ ስማቸው ነው። ሌላው ሰው ሲያይ እንዲህ ይቀላል፤ የራስን ማየት ነው የሚያቅተው።

አያ ቸኮል አጠገቤ ቆመው ነበር። ያየሽውን አይቻለሁ አሉኝ ዝቅ ብለው፤ ዝም በይ፣ ልጆች አሉሽ። እውነታቸውን ነው። በዚህ ጊዜ ሰው ባንዲት ቃል አድኃሪ ተብሎ ይሄዳል። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ማደር የሚቻል መስሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 17

ዛሬ ጽሕፈቴ አያምርም።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆሟል። ሰይድ ነጭ ቆቡን አድርጎ መሐል ላይ ቆመ። ባለጊደሩ ገበሬ ተጠየቀና ጊደሬ ተመልሳልኛለች አለ። እንግዲያ ምን ቀረ አሉ አያ ቸኮል። ቅጣቱ ቀረ አለ ጓድ ደሴ፤ ሦስት ወር ይታሰር፣ ፍረዱ።

ከመፍረዴ በፊት መመሪያው ይነበብ አልሁ። ጓድ ደሴ ቤት ረስቼዋለሁ አለኝ። ችግር የለም፣ በቃሌ ይዤዋለሁ አልሁና ተነሣሁ። ድምፄ የማን ድምፅ እንደነበረ እንጃ። አንደኛውን አልሁት። ሁለተኛውን አልሁት። ሦስተኛውን ስጀምር ሊቀመንበሩ ሊያስቆመኝ እጁን አነሣ፤ ሕዝቡ ግን ጸጥ ብሎ ነበር፤ እንዲህ ባለ ጸጥታ ውስጥ ሰው ማስቆም አይቻልም። እስከ መጨረሻዋ ነጥብ አልሁት።

ከዚያ ያልሁት ይኸ ነው። «ሰይድን የነካ አንቀጽ እኔንም ይነካኛል። የአያ ስማቸው ላም እኔ በረት ናት፤ ወተቷን ሦስት ዓመት በልቻለሁ። በዚህ ነገር ዳኛ አይደለሁም፣ ተከሳሽ ነኝ።»

ከዳኞቹ አግዳሚ ወርጄ ከሰይድ ጎን ቆምሁ። ሰይድ ትንሽ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠኝ።

ስለ ሌላ ሰው ከብት አንዲት ቃል አልተነፈስሁም። ግን ሕዝቡ ትናንት ከብት ሲያስከትብ የዋለ ሕዝብ ነው። ፊቱን ሁሉ ወደ ጓድ ደሴ አዞረ።  የሰው ዓይን እንዲህ ያለ ክብደት እንዳለው አላውቅም ነበር።

ጓድ ደሴ ጉዳዩ ለሰኞ ይደር ብሎ ዘጋው። ስወጣ ተከተለኝና መሠረተ ትምህርት ያስተማርንሽ አብዮቱን እንድታግዢ እንጂ እንድታደናቅፊ አይደለም አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከፍ ቢያደርግ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ይታይሽ ላሚቱ ልትሄድ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኋት። ለታናናሾቿ ማን ይነግራቸዋል አለችኝ። አንቺ ንገሪያቸው አልሁ፤ ፈሪ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 18፤ ወንዛዬ

አያ ስማቸው ለጉልበታቸው ሕመም ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርደዋል፤ እመት አንጓችም አብረው ናቸው። ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት ብዬ ጎህ ሳይቀድ ተነሣሁ። ጉማራን በድልድዩ ተሻግሬ፣ በእግሬ፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ደረስሁ።

ወንዛዬን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። እንፋሎት ከመሬት ይወጣል። ማንም ሳያነድ፣ ማንም ሳይቀሰቅስ ውኃው ከሥር ፈልቶ ይመጣል፤ ቀንም ሌትም፣ ሰው ኖረም አልኖረም። እግሬን ነከር አድርጌ አወጣሁ፣ ደግሜ ነከር አደረግሁ። አጠገቤ የነበሩ ሴቶች ሳቁብኝ። እግዚአብሔር ለታመመ ሁሉ እኩል የሚያፈላውን አይቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ድካሜ ሁሉ ወጣ።

አያ ስማቸውን ከውኃ ወጥተው ጋቢያቸውን ተከናንበው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ አንቀጹን፣ ሸንጎውን፣ የቅቤውን ቁጥር። ዕዳዎ አልቋል፣ ላሚቱ የእርስዎ ናት አልኋቸው። ይደሰታሉ ብዬ ነበር።

ፊታቸው ጠቆረ። «ያችን ላም በቃሌ ነው የሰጠሁሽ። ገንዘብሽን ሳልመልስ ብወስዳት ምን እባላለሁ? ስማቸው ወረቀት ተጠግቶ ቃሉን በላ!»

ሕጉ ለእርስዎ ነው የወጣው አልኋቸው። ሕግ ለተበደለ ነው፣ አንቺ አልበደልሽኝም አሉኝና ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ይኸን ሁሉ መንገድ መጥቼ! ለሊቀመንበሩ ቁጣ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀሁም። የሚጠበቀው ሰው ጥበቃውን አልፈልግም ሲል ምን ይደረጋል? መመሪያው ላይ ይኸ የለም። ተናድጃለሁ፤ ግን እኚህን ሽማግሌ ሳያቸው ባርኔጣ ቢኖረኝ አወልቅ ነበር።

እሁድ፣ ጥቅምት 19

ተመለስሁ። አያ ስማቸው የውኃው ቀናቸው ስላልሞላ እዚያው ቀሩ። እመት አንጓች ግን ቤቴን ልይ ብለው አብረውኝ መጡ።

 ጉማራ ላይ ዕረፍት አድርገን ሳለ ስለ ላሚቱ ጠየቁኝ። ስትታለብ አሁንም የኋላ እግሯን ታነሣለች ወይ አሉኝ። ታነሣለች አልሁ። ግንባሯን ሲያኩላት ትተዋለች አሉኝ። ይኸን አላውቅም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ እግሯን በገመድ አስሬ ነው ያለብኋት።

ከዚያ ዋናው ነገር መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤ ይዤ ስሄድ ሽታውን ያውቁት ስለነበር መንገድ ለውጠው ይሄዱ ኖሯል። እኔ ደግሞ ገበያ የማይወጡት ከሕመማቸው ነው እል ነበር። አላማረሩም፤ እንዲያው እንደ ወሬ ነው የነገሩኝ። መጨረሻ ላይ ግን ቀና ብለው አዩኝ። «ቃሉን የሰጡት እሳቸው፣ ያለ ወተት የኖርሁት እኔ። እኔን የጠየቀኝ የለም።»

እኔም አልጠየቅኋቸውም ነበር። ወንዛዬ ድረስ ሄጄ የተነጋገርሁት ከአያ ስማቸው ጋር ብቻ ነው፤ እመት አንጓች እኮ ከጎናችን ቆመው ነበር። አፈርሁ። ነገ ላሚቱን ብነዳት ይቀበሉኛል ወይ አልኋቸው። በረቱን ጠርጌ እጠብቅሻለሁ አሉ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 20

ላሚቱን መለስኋት።

ሜዳው ላይ ውኃው ሸሽቷል፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ሰዉ ጭቃው ላይ ጓያ ይዘራል፤ ወፉ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። ገመዱን ይዤ ከፊት ከፊት እሄድ ነበር። መንገዱ ወደ አያ ስማቸው ቤት የሚታጠፍበት ስንደርስ ላሚቱ አለፈችኝ። ሳልጎትታት፣ ሳልነካት፣ ጥጃዋን አስከትላ ቀጥ ብላ ወደ ድሮ በረቷ ገባች። እመት አንጓች ግንባሯን አከኳት። ቆማ አየቻቸው። ከብት ሦስት ዓመት ያስታውሳል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። አለቀስሁ፤ ለሷ ይሁን ለልጆቼ አላውቅም። ገመዱንም ሳልፈታ ወጣሁ።

ከዚያ ወደ ሸንጎ። ጓድ ደሴ መጀመሪያ ያለው ይኸ ነው፦ ከወረዳ ማብራሪያ እስኪመጣ በማኅበሩ ውስጥ ማንም የመያዣ ከብት እንዳይነቃነቅ። የአያ ስማቸው ላም ተነቃንቃለች አልሁት። በማን ፈቃድ አለኝ። በሦስተኛው አንቀጽ አልሁ። ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ቶሎ ብሎ ዋጠው።

ከዳኝነት ታገድሁ። የሥራ ሥነ ሥርዓት ጥሰሻል ነው ያለኝ። ነገሩ በጽሑፍ ለወረዳ ይሄዳል ብሏል፤ ምን ብሎ እንደሚጽፍ አምላክ ይወቀው። ዛሬ ያልጠበቅሁት የአያ ቸኮልን ነገር ነው። ዓመት ሙሉ ከሊቀመንበሩ አፍ ወጥተው የማያውቁት ሰውዬ ብድግ አሉና በሰይድ ላይ የቀረ ክስ የለም፣ ይሂድ አሉ። ማኅተሙም በሳቸው እጅ ነበር። መቱት። 

ማታ ልጆቼ ሽንብራ ቆርጥመው ውኃ ጠጡበት። ማንም ወተት አላለም። ይታይሽ ነግራቸዋለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 21

የማርያም ዕለት። ቅዳሴ ሲወጣ ሴቶች ከበቡኝ። አንቀጹን በይልን አሉኝ። አልኋቸው። ደግሞ ሌሎች መጡ፤ ደገምሁላቸው። ተራ የያዘ ሁሉ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ውኃ ልቀዳ ወንዝ ስወርድ አንዲት የማላውቃት ሴት ለጓደኛዋ አንቀጹን ስትነግራት ሰማሁ። ከታች መንደር ናት፤ ፊደል አትቆጥርም። «የበላው ካበደረው ከበለጠ ዕዳው አልቋል» ትላለች። ሳታስት። እንስራዬን ይዤ ቆምሁ። ወረቀቱ እስካሁን ከሊቀመንበሩ ኪስ አልወጣም እኮ! ቃሉ ግን ወጥቶ በአራት ቀን ከኔ ቀድሞ ታች መንደር ደርሷል። ሰው ማሰር ይቻላል፤ ይኸን ማን ያስረዋል?

ዛሬ በዓይኔ ያየሁት፦ አንድ በሬና ሁለት ላም በሜዳው ላይ ወደ ቤታቸው ሲነዱ። የነዷቸው በመያዣ የያዟቸው ሰዎች ናቸው፤ ያዘዛቸው የለም። አንደኛው ሰውዬ ሲያልፍ ዓይኑን ሰበረ፤ ሌላኛው እየሳቀ ጉድ ሠራሽን አለኝ።

የጓድ ደሴ በረት ግን አልተከፈተም። ብርቄ ከጠዋት ጀምሮ ገመድ ይዛ በሩ ላይ ተቀምጣለች። አትጮህም፣ አትለምንም። እሱ ሲገባ ሲወጣ አንቀጹን ትልለታለች አሉ። እስክጽፍ ድረስ እዚያው ናት።

እፈራለሁ። ለሷም ለራሴም። ጓድ ደሴ የጻፈው ደብዳቤ ወረዳ ደርሷል ይባላል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 22

አያ ስማቸው መጡ።

ከወንዛዬ ትናንት ማታ ገብተው ላሚቱን በረታቸው አገኟት። ጠዋት ደጄ ላይ ሲቆሙ ገመዱ በትከሻቸው ነበር። ላሚቱን መልሰው ሊያስገቡብኝ ነው ብዬ ወደ ኋላቸው አየሁ። ላም የለም። ይግቡ አልኋቸው። አልገቡም። ቅር ያለው ሰው እንደሚሆነው ደጃፉ ላይ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«ያነን ነገር አንብቢልኝ» አሉኝ።

ወረቀቱ እኔ ዘንድ እንደሌለ ነገርኋቸው። በቃልሽ በይው አሉኝ። አልሁት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ደግሚው አሉ። ደገምሁት። ለሦስተኛ ጊዜ መያዣው ለባለቤቱ ይመለሳል የምትለዋን ብቻ በይ አሉኝ። አልሁላቸው። ከዚያ እሳቸውም በከንፈራቸው ደገሙት።  ቃላቸውን የሚያስፈታ ነገር እንዳለበትና እንደሌለበት እየመረመሩ እንደነበር ተረዳሁ፤ ከሸንጎው ሁሉ የበለጠ ዳኝነት ያየሁት እዚያ ድንጋይ ላይ ነው።

ተነሡና ገመዱን እግሬ ሥር አስቀመጡት። ይኸ ያንቺ ነው አሉ፤ ስለ ገመድ የሚል አልሰማሁም። ሳቅሁ፣ እሳቸው ግን አልሳቁም። መቶ ሃምሳውን አላነሡም፣ እኔም አላነሣሁም። ተቀብለዋታል ማለት ነው። በጣም ቀለለኝ።

ሊሄዱ ሲሉ ዘወር አሉ። «እንግዲህ መንግሥት ቃል ገብቷል። እኔ ቃሌን ሦስት ዓመት ጠብቄያለሁ፤ ላሜ በደጄ ስታልፍ እያየሁ። እሱስ ይጠብቀው ይሆን?»

ብርቄ አሁንም በሊቀመንበሩ በር ላይ ናት። ከወረዳ የመጣ ሰው የለም፤ የሚመጣው ለሷ ይሁን በኔ ላይ አይታወቅም። እኚህን ሽማግሌ ደግሞ መዋሸት አልቻልሁም።

እንጃ አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ላማቸው ወዳለችበት ሄዱ።